ቦታ ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ባህር ዳር ላይ ባጃጅ ልገዛ ነው። አዲስ ምዝገባ ተዘግቷል ተባልኩ። ማህበር ውስጥ ያለ ሰው ባጃጁን ከነቦታው ልሽጥልህ ይለኛል። ልግዛ? ደግሞስ ቁጥር መገደቡ ልክ ነው?» ነው ያልከው። ቁርጥ የኔ ታሪክ ነው። ቦታ የምንለው መሬት አይደለም፣ የባጃጅ ማህበር ውስጥ ተመዝግቦ የመሥራት ፈቃዱን ነው።

1. ደላላው «ቢሮ ውስጥ ሰው አለኝ» ካለህ የሻይህን ከፍለህ ውጣ።

2. በውክልና አትግዛ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይብህ፣ የተቃጠልኩበት ነው።

እኔም ምዝገባ ተዘግቷል በተባለበት ሰሞን አንድ አሮጌ ባጃጅ ከነቦታው ገዛሁ። ባጃጇ ብቻዋን ቢበዛ 90 ሺህ ብር ታወጣ ነበር። የከፈልኩት 165 ሺህ። 75 ሺው የወረቀት ዋጋ ነው። ስም ማዛወር «ለጊዜው ቆሟል» ስለተባልን በውክልና ተዋዋልን። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ቤቱ ገብቼ ጠላ ጠጥቻለሁ። ዓመት ሳይሞላ የቦታ ዋጋ ናረ። ውክልናውን ሻረው። አንድ ጠዋት ፓፒረስ የሚባለው ሰፈር ጋ ትራፊክ አስቆመኝና «ባለንብረቱ አመልክቷል» ብሎ ቁልፌን ወሰደ። የጫንኳት ልጅ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ፈተና ነበራት። ወርዳ በእግሯ ሮጠች።

ከዚያ የቢሮ ምልልስ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። 4 ወር ሙሉ! ሰኞ «ሲስተም የለም»፣ ረቡዕ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። አንዷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «መጀመሪያስ ማን ግዛ አለህ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት መልስ ይመጣልኛል። መጨረሻው በሽማግሌ ሆነ። ሌላ 30 ሺህ ጨመርኩለትና ስሙ ዞረ።

3. ፍሬን። ያን ሁሉ ብር ያስወጣችኝ ባጃጅ ፍሬን የላትም ነበር ማለት ይቻላል። ዓመታዊ ምርመራ ግን አልፋለች! መርማሪው ቀለሟን አየ፣ መብራት አብራ አለኝ፣ ክላክስ አስነፋኝ፣ ማህተሙን መታ። በሳምንቱ ሁለት እንግዶች ይዤ ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሽ ቀንሼ፣ ቦዩ ዳር ካለው አፈር ጋር እየታከክሁ እንደ ምንም ቆምኩ። እንግዶቹ የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ሳቁ። እኔ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ቁጥር መገደቡ ልክ ነው ወይ? የሚገድቡት ዝም ብለው አይደለም። ቀትር ላይ ፓፒረስ ብትቆም ከተሳፋሪው ባዶው ባጃጅ ይበዛል። እኔ ራሴ ከገባሁ በኋላ «ይዘጋ» ብዬ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቻለሁ፣ አትፍረድብኝ። ግን ሲዘጋ ወረቀቱ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ኒውዮርክ ታክሲ ይነዳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ ቁጥሩ ተገደበ። ፈቃዷ ኮፈን ላይ የምትመታ ቆርቆሮ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትሸጥ ነበር። በስልክ የሚጠራው ኡበር ሲመጣ ዋጋዋ ወደቀ፣ ተበድረው የገዙት ዕዳ ታቅፈው ቀሩ። ለንደን ደግሞ የጥቁሯ ታክሲ ቁጥር ገደብ የለውም። ሹፌሩ ግን ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ 6 ማይል ውስጥ ያለውን መንገድ በቃሉ ካላወቀ ፈቃድ አያገኝም። ብዙዎቹ 3 እና 4 ዓመት ያጠናሉ። እኛ ጋ በሩ ተዘግቶም ፈለገ ህይወት ሆስፒታል በየት በኩል እንደሚገባ ተሳፋሪውን የሚጠይቅ ሹፌር ሞልቷል። እኔን ጠይቀኝ፣ ከአባይ ማዶ እስከ ሽንብጥ የጉድጓዱን ቁጥር ልነግርህ እችላለሁ።

ዛሬ ሁለት ባጃጅ አሉኝ፣ ሁለቱም በስሜ። አንተም የግድ ከገዛህ ብሩን በባንክ አስገባለት፣ ያውም ስሙ ከዞረ በኋላ። ከዚያ በፊት ግን ባጃጇን ይዘህ ቤዛዊት ውጣና ስትወርድ ፍሬኗን ሞክር። ቀስ ብለህ፣ ሰው ሳትጭን።