ጠረጴዛ ከመግዛትሽ በፊት ሜትር ያዢ

እህቴ፣ ለንደን ለከፈትሽው ካፌ ደጅ ላይ አራት ጠረጴዛ ለማውጣት ፈቃዱ ያስቸግር እንደሆነ ጠይቀሻል። ክፍያው አያስፈራሽ። ካፌዎች የእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛ እንዲያወጡ የሚፈቅደው ጊዜያዊ ሕግ እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል፤ ካውንስሉም (የአካባቢሽ አስተዳደር) ለመጀመሪያ ጊዜ ከ500፣ ለእድሳት ከ350 ፓውንድ በላይ ሊያስከፍልሽ አይችልም። እኔን ያከሰረኝ ሌላ ነው።

1. የእግረኛውን መንገድ በትክክል ለኪ። እኔም ለክቼ ነበር፤ ከግድግዳዬ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ። የሚቆጠረው ግን ሰው ተቀምጦ፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ተስቦ፣ ከዚያ እስከ ቅርቡ መሰናክል የሚቀረው መተላለፊያ ነው። የእኔ ደጅ ላይ የመብራት ምሰሶ አለ! የመንግሥት መመሪያው 2 ሜትር ይመርጣል፣ ቢጠብ 1.5 ሜትር። የእኔ 1.2 ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ደግሞ ስድስት የብረት ጠረጴዛ ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሕጉ የሚፈቅደው በቀላሉ የሚነሳ ዕቃ ብቻ መሆኑን የሻጩ ሱቅ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይባስ ብዬ ፈቃዱ ሳይመጣ አንድ ቅዳሜ ሁለቱን አወጣኋቸው። የሰፈራችን ዓይነ ስውር አዛውንት በዚያ ሲያልፉ ነጩ በትራቸው የወንበሬን እግር መታ። ቆሙ። በበትራቸው ግራና ቀኙን ዳሰሱ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መኪና ወደሚሄድበት መንገድ ወረዱ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩና አሻገርኳቸው፤ ጠረጴዛዎቹንም ያኔውኑ አስገባኋቸው። እስከ ዛሬ ያ የበትር ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

2. ፈቃድ መጠየቅሽን ለሕዝብ የሚገልጸውን ማስታወቂያ ማመልከቻውን ባስገባሽበት ዕለት፣ መንገደኛ በሚያነብበት ቦታ ለጥፊ። እኔ ዓርብ ማታ አመልክቼ ሰኞ ለጠፍኩ። የካውንስሉ ሠራተኛ በስልክ «እንደገና ያመልክቱ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ሃያ ዓመት ግብር ለከፈልኩ ሰው አንድ ደቂቃ ማብራሪያ ይበዛበታል? በሁለተኛው ዙር የለጠፍኩትን ከነቀኑ ፎቶ አነሳሁት። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት 14 ቀን አለፈ፤ የሚወስኑበት 14 ቀንም አለፈ፤ ምንም መልስ የለም። ተጨማሪ ሦስት ሳምንት የሐምሌን ፀሐይ ባዶ ደጅ ይዤ ጠበቅኩ። ቀኑ ሳይወስኑ ካለፈ ፈቃዱ እንደተሰጠ እንደሚቆጠር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው! አንቺ ቀኑን ቁጠሪ፤ የሕዝብ በዓላትን ግን አትጨምሪ።

አሁን አራት ተጣጣፊ ጠረጴዛዎች አሉኝ፤ ሁሉም ከግድግዳው ጥግ። ማታ ማታ ብቻዬን በአምስት ደቂቃ አስገባቸዋለሁ። ቀድሞ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፍበት የነበረው መንገድ ላይ እናቶች የሕፃን ጋሪ አቁመው ቡና ይጠጣሉ። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበታለሁ።

ደጅሽ ላይ ምሰሶ፣ ዛፍ ወይም የቆሻሻ መጣያ ካለ ከግድግዳሽ ያለውን ርቀት ጻፊልኝ። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘውን ፕላን አብረን እንሥለዋለን።