ብርድ ሲገባ የድፎ ሊጥ ኩፍ አልል ሲል

እህቴ፣ «ስቶክሆልም ከመጣሁ ወዲህ ሊጤ በሙቀቱ ወራት ጥሩ ነበር፤ ብርዱ ሲገባ ግን ኩፍ አልል አለኝ፣ እርሾው ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሻል። አልተበላሸም፣ በርዶት ነው። እኔም እዚሁ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ብዙ ተቸግሬአለሁ።

እርሾ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ቶሎ ይሠራል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ግን ያንቀላፋል። ለብ ባለ ውሃ አቡኪው። ጣትሽን የሚያቃጥል ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ ኦቭኑን ሳታሞቂ መብራቱን ብቻ አብሪና ሊጡን ከነሳህኑ አስገቢው። ከጎኑ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ አስቀምጪ። በሩን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ፣ ሙቀቱ ያመልጣል።

የጋራ ኩሽና ከሆነ ኦቭኑን ለሰዓታት መያዝ ያስቸግራል። እኔ ተማሪ ሳለሁ እርሾውን ቀነስ አድርጌ ማታ አቦካና ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው ነበር። ከትምህርት ስመለስ አውጥቼ ብርዱ እስኪለቀው እጠብቅ ነበር። እውነት ለመናገር በጣዕም ይሄኛው ይበልጥብኛል፤ ኮምጠጥ ብሎ የቤት ድፎ ይመስላል።

ጥቁር አዝሙዱን እንዳትረሺ! ኮባ ካጣሽ የእስያ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ የሙዝ ቅጠል ፈልጊ። ሲበስል ገልብጠሽ ሥሩን በጣትሽ አንኳኪው። የባዶ ዕቃ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል።