ትክክለኛ ጎል ያገባ ቡድን ስለምን ዋንጫ ያጣል?

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። እኔና ጓደኞቼ ኳስ የምናየው ሰፈራችን ባለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የዳኝነት ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ዞሮ ዞሮ በ2011 ዓ.ም. በቱኒዚያ ራዴስ ወደተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ይመለሳል። አንዱ ጓደኛችን የሞሮኮው ዋይዳድ ካዛብላንካ ጎል ንጹሕ ስለነበር ዋንጫው ተዘርፏል ይላል፤ ሌላው ደግሞ አልጫወትም ብሎ የቆመ ቡድን የሚከራከርበት አፍ የለውም ባይ ነው። ለእኔ ያልገባኝ ሌላ ነው። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ያየውን ስሕተት ዳኛው እንዴት ማየት አቃታቸው? ቫር፣ ማለትም ዳኛን በቪዲዮ ምስል የሚረዳው ሥርዓት፣ እንዳልሠራ ከታወቀስ ጨዋታው ይደገም መባሉ ምን ጥፋት ነበረው?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሁለቱ ጓደኞችዎ የሚከራከሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ይመስላቸዋል እንጂ የያዙት ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው፤ እንዲያውም በእኛ አስተያየት ሁለቱም በየራሳቸው ጉዳይ የእውነት ድርሻ አላቸው።

ነገሩን ለማያስታውሱ አንባቢያን ባጭሩ እንመልሰው። የመጀመሪያው ጨዋታ ግንቦት 16 ቀን ራባት ላይ 1 ለ 1 አልቋል። ዋይዳዶች ከዚያም ጨዋታ የወጡት በዳኝነቱ ተማርረው ነበር፤ ግብፃዊውን ዳኛ ጂሃድ ግሪሻን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ራሱ ለ6 ወር አግዷቸዋል። በሳምንቱ፣ ግንቦት 23 ቀን፣ በመልሱ ጨዋታ የቱኒዚያው ኤስፔራንስ በዩሱፍ ብላይሊ ጎል 1 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ከዕረፍት በኋላ ጨዋታው አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል ዋሊድ ኤል ካርቲ የተሻገረለትን ኳስ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ግን ከጨዋታ ውጪ ነው ለማለት ወደ ላይ ተነሥቶ ስለነበር ጎሉ ተሻረ።

በቴሌቪዥን ተደጋግሞ የታየው ምስል ልጁ ከጨዋታ ውጪ እንዳልነበረ ያሳያል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የመስመር ዳኛ ኳሱ ከአሻጋሪው እግር የሚለቅበትንና የመጨረሻው ተከላካይ የቆመበትን በአንድ ቅጽበት ማየት አለበት፤ ሁለቱ ቦታዎች ደግሞ አንዳንዴ በ30 ሜትር ይራራቃሉ። ቫር ባለበት ጨዋታ አጠራጣሪ ሲሆንበት ባንዲራውን አዘግይቶ ነገሩን ለምስሉ ይተዋል። በዚያ ምሽት ግን ቫር ስላልነበረ ባንዲራው የመጨረሻው ቃል ሆነ።

የመጀመሪያ ጥያቄዎም መልስ እዚሁ ላይ ነው። የዋይዳድ ተጫዋቾች ጋምቢያዊውን ዳኛ ባካሪ ጋሳማን ከበው ወደ ሜዳው ዳር እያመለከቱ ምስሉን እይልን ይሉ ነበር፤ መሣሪያው ግን አይሠራም። ዳኛ ደግሞ በቫር ሥርዓት ካልሆነ በቀር የቴሌቪዥን ድጋሚ ምስል አይቶ ውሳኔ እንዲለውጥ ሕጉ አይፈቅድለትም። እናንተ ሻይ እየጠጣችሁ ሦስቴና አራቴ ያያችሁትን ምስል፣ በፍርዱ የሚጠየቁት ሰው ለማየት ፈቃድ አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛዎ እንምጣ። ዋይዳዶች ቫር ካልተስተካከለ አንቀጥልም ብለው ቆሙ፤ የካፍ ፕሬዚዳንት አህመድ አህመድ ሳይቀሩ ሜዳ ወርደው አነጋገሩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጠበቀ በኋላ ጋሳማ የማብቂያውን ፊሽካ ነፉ። የጨዋታው ሕግ እዚህ ላይ ጨካኝ ቢመስልም ግልጽ ነው። ጎል መግባት አለመግባቱን ጨምሮ ዳኛው በሜዳ ላይ የወሰነው የመጨረሻ ነው፤ ቫር ተበላሽቷል ተብሎም ጨዋታ አይሰረዝም። በውድድሩ ደንብ መሠረትም አልጫወትም ያለ ቡድን እንደ ተሸናፊ ይቆጠራል፤ ፎርፌ የሚባለው ይህ ነው። ጎሉ መሻሩ ስሕተት ሆኖ ሳለ ፎርፌው ትክክል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ይደገም የተባለበት ውሳኔ የተላለፈው ግንቦት 28 ቀን ፓሪስ ላይ በተሰበሰበው የካፍ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነው። ሐሳቡ ለብዙ ደጋፊ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ችግሩ ኮሚቴው የማይመለከተውን ሥልጣን መያዙ ነበር። በሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሐምሌ 24 ቀን ውሳኔውን የሻረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉዳዩ ሥልጣኑ ላላቸው የካፍ አካላት ሲመለስ ፎርፌው ጸና፤ ዋይዳድ እንደገና ይግባኝ ቢልም አልተሳካለትም። በእኛ ግምት ትልቁ ጥፋት የዳኛው ወይም የተጫዋቾቹ አይደለም፤ ለአህጉሩ ታላቅ የክለብ ፍጻሜ የማይሠራ መሣሪያ ያቀረቡት፣ ቆየት ብለው ደግሞ እንደ ችሎት ልንፍረድ ያሉት አስተዳዳሪዎች ናቸው።

ቫር ቢሠራ ክርክር ባልኖረ ነበር ለሚል ግን በዚያው 2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የተደረገውን የቀደመውን ፍጻሜ እናስታውሰው። ቦርጅ ኤል አረብ ላይ የግብፁ አል አህሊ ኤስፔራንስን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ ቫር ነበር፤ ለአህሊ የተሰጡት ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ግን እስከ ዛሬ ያነጋግራሉ። የአህሊው ዋሊድ አዛሮ ማሊያውን ራሱ ቀድዶ ለዳኛው ያሳየውም በዚያ ጨዋታ ነው፤ ሁለት ጨዋታ አስቀጥቶታል። የመልሱን ጨዋታ ራዴስ ላይ የመራው የእኛው በአምላክ ተሰማ ሲሆን ኤስፔራንስ 3 ለ 0 ስላሸነፈ ስለ ዳኛ ብዙም አልተወራም።

ዋንጫው ተዘርፏል ለሚለው ጓደኛዎ አንድ ሒሳብ ያሳዩልን። የኤል ካርቲ ጎል ቢጸድቅ የምሽቱ ውጤት 1 ለ 1፣ የደርሶ መልሱ ድምር ደግሞ 2 ለ 2 ይሆን ነበር፤ ድምሩ እኩል ሲሆን በሚለየው፣ በተጋጣሚ ሜዳ በተቆጠረ ጎልም ቢሆን እኩል ናቸው። ዋይዳዶች ጥለውት የቆሙት ጨዋታ ደግሞ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር።