የሮኬት ሞተር ሙያ ከሮቶ ውኃ ሲጀመር

ውድ ተማሪ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እዚሁ ጎንደር የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ መሆንሽን፣ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠሩ የሮኬት ሞተሮችን መሥራትና መፈተሽ መተዳደሪያሽ እንዲሆን መፈለግሽን፣ በአገር ውስጥ ግን በዚህ ዘርፍ የሚቀጥር ድርጅት አጥተሽ «ልተወው ወይ?» ማለትሽን ተረድቻለሁ። አዘዞ ካለው የአጎትሽ ብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር ተውሰሽ በላምባ የሚነድ ትንሽ ሞተር በግቢያችሁ ለመሞከር ማሰብሽንም ጽፈሻል። ከዚህ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ይህን ሙከራ አታድርጊው።

አጎትሽ ግራሶ በነካው እጅ የኦክስጅኑን ቫልቭ ለምን እንደማይከፍት ጠይቂው፤ ግፊቱ ከፍተኛ የሆነ ኦክስጅን ቅባት ካገኘ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል እንደሚችል ከእኔ አሳምሮ ያስረዳሻል። በሞተሩ ውስጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ማቀጣጠያው ከሰከንድ ክፋይ ለሚያንስ ጊዜ እንኳ ቢዘገይ፣ ላምባውና ኦክስጅኑ በማቃጠያው ክፍል ተጠራቅመው ይቆዩና እሳቱ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ነደው ክፍሉን ይበትኑታል። ባለሙያዎቹ ሞተር ሲያስነሡ ከወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ በስተኋላ ሆነው በካሜራ የሚከታተሉት ይህ እንደሚደርስ ስለሚያውቁ ነው።

ደብዳቤሽ ስለ ነበልባሉ ብዙ ይላል፤ ስለ መለካት ግን አንድም ቃል የለውም። ሥራው ያለው ግን እዚያ ነው። ሮበርት ጎዳርድ በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክስጅን የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሮኬት መጋቢት 16 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ሲያስወነጭፍ በረራው 2.5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር የቆየው፤ ከዚያ በፊት ግን ሞተሩን ከመቆሚያ ጋር አስሮ ዓመታት የፈጀ ፍተሻ አድርጓል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው የሳተርን 5 ሮኬት ኤፍ-1 ሞተርም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፍተሻ ላይ እያለ በውስጡ በሚነሣ የግፊት መናወጥ ይፈራርስ ነበር። መሐንዲሶቹ ወደ 2,000 የሚጠጉ ፍተሻዎችን አደረጉ፤ እየነደደ ባለው ሞተር ውስጥ ሆን ብለው ትንንሽ ፈንጂ እያፈነዱ መናወጡ በስንት ጊዜ እንደሚበርድ ለኩ፤ በኢንጀክተሩ ላይ፣ ማለትም ነዳጁንና ኦክስጅኑን በሚረጨው ባለ ብዙ ቀዳዳ ሳህን ላይ፣ መከፋፈያ ግድግዳዎች ጨመሩ፤ የቀዳዳዎቹንም ስፋትና አቀማመጥ ደጋግመው ለወጡ።

ኢንጀክተር ደግሞ በየትኛውም አገር መጀመሪያ የሚፈተሸው በእሳት ሳይሆን በውኃ ስለሆነ፣ ይህን አንቺም ማድረግ ትችያለሽ። ቤታችሁ ከመሬት 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ አለ እንበል፤ ይህ ከፍታ 0.5 ባር ያህል ግፊት ይሰጥሻል። ከታች በቧንቧው ጫፍ ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የናስ ክዳን ግጠሚና አንድ ሊትር ውኃ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኪ። ከግፊቱና ከቀዳዳው ስፋት ተነሥተሽ ብታሰዪው ስሌቱ 128 ሰከንድ ገደማ ይልሻል፤ ሰዓትሽ ግን ከ160 እስከ 210 ሰከንድ ሊያሳይሽ ይችላል፤ ምክንያቱም ውኃው በቀዳዳው ሲያልፍ ይቀጥናል፣ ጠርዙም ይይዘዋል። በስሌቱና በሰዓቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የሙያው እንጀራ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ አንዴ ስል፣ አንዴ ክብ አድርገሽ፣ እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ለክተሽ፣ ከነልኬት ስሕተቱ በደብተር ካሰፈርሽው፣ አንድ ቀጣሪ የሚያነበው ማስረጃ ይዘሻል ማለት ነው። (ጎንደር ላይ የሻይ ውኃ ከ100 ይልቅ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላበትን ምክንያት በደንብ ካሰብሽበት፣ በሮኬት ፓምፕ መግቢያ ላይ ግፊቱ ሲወርድ ፈሳሹ ሳይሞቅ ለምን እንደሚፈላም ትደርሺበታለሽ።)

ስለ ሥራ ዕድል ሳላለሳልስ ልንገርሽ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት ነው፤ ስለዚህ በአገር ውስጥ በቅርብ ጊዜ በዚህ ሞተር ሥራ እቀጠራለሁ ብለሽ አታቅጂ። የአሜሪካ ሕግም የሮኬት ሞተር ዕውቀትን ከጦር መሣሪያ ጋር ስለሚመድበው፣ በዚያ ያሉ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚቀጥሩት ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ነው፤ ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ካመለከቱ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል። ለሁለተኛ ዲግሪ የአውሮፓው የአሪያን ሮኬት ሞተሮች የሚፈተሹበት የላምፖልድስሃውዘን ጣቢያ ያለባትን ጀርመንን አስቀድመሽ ብትመለከቺ ይሻላል፤ ቋንቋውንም ዛሬ ጀምሪ።

እስከዚያው በአገራችን ለዚህ ሙያ እጅግ የሚቀርበው በኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል የጄት ሞተሮች ከጥገና በኋላ የሚፈተሹበት ክፍል ነው። ለኢንተርንሺፕ ስታመለክቺ «ሮኬት እወዳለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ የግፊትና የፍሰት ልኬት መሥራትሽን ጽፈሽ ሠንጠረዡን አያይዢ። ቦታው ካልተገኘ ፓምፕ፣ ቫልቭና የግፊት ጋን የሞላበት የቢራ ፋብሪካም፣ ለምሳሌ እዚሁ ያለው ዳሽን፣ ለአንቺ ከቢሮ ሥራ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

የአጎትሽንም ቤት አትራቂ። ሲሊንደሩን ተዪለትና ብየዳውን ተማሪ፤ የበየድሽውን ቧንቧ ውኃ ሞልተሽ በእጅ ፓምፕ ግፊት ስጪው፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ መቆየቱንም በዓይንሽ አረጋግጪ።