የሆርኑ ኖታ ከፒያኖው አልገጠመም

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ፍሬንች ሆርን (በትንፋሽ የሚነፋ የነሐስ መሣሪያ) ትማራለች። በፒያኖ ላጅባት ብዬ የቤትሆቨንን ሶናታ፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 17ን ገዛሁ። የእኔ ኖታ አንድ ፍላት (ድምፁን በግማሽ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) አለው፤ የእሷ ምንም የለውም። ተሳስተው ልከውልኝ ይሆን?
(እናት፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እንዳይመልሱት እመቤቴ፣ ትክክለኛው ነው! የልጅዎ ኖታ ለኤፍ ሆርን የተጻፈ ነው፤ “ሲ”ን አንብባ ስትነፋ የሚሰማው ከሥሩ ያለው “ኤፍ” ነው። እሷ ፍላት በሌለው በሲ ሜጀር ታነባለች፣ እርስዎ አንድ ፍላት ባለው በኤፍ ሜጀር ይጫወታሉ፣ ጆሮ ላይ ትገናኛላችሁ። እኔ በወጣትነቴ ይህን ሳላውቅ ከፒያኖው ኖታ ላይ እያነበብኩ ነፋሁና አጃቢዬ ጆሮውን ይዞ ተነሣ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በድሮው አጻጻፍ በባስ ክሌፍ (የወፍራም ድምፆች ምልክት) የሚገኙት የሆርን ኖታዎች ከዛሬው አንድ ኦክታቭ (ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው ርቀት) ዝቅ ብለው ነው የሚጻፉት። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ መምህሯ በእርሳስ ምልክት ያድርጉላት።

ሶናታው በ1800 ቪየና ውስጥ ለዝነኛው ሆርን ተጫዋች ለጆቫኒ ፑንቶ የተጻፈ ነው። ያኔ ቫልቭ (ድምፅ ለመቀየር በጣት የሚጫኑት) የለም፤ ሰውየው ቀኝ እጁን በመሣሪያው ሰፊ አፍ ውስጥ እያንቀሳቀሰ ነበር የጎደሉትን ድምፆች የሚያወጣው። ለልጅዎ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ለእርስዎ ጣቶችም እንደዚያው። መጀመሪያ የሴን-ሳንስን ሮማንስ፣ ኦፐስ 36ን ሞክሩ፤ ዝግ ያለ ነው፣ ትንፋሽ ያስተምራል። የሹማን አዳጆና አሌግሮ ይቆይ፤ እሱ የአዋቂንም ከንፈር ያዝላል።