የኳስ ተጫዋች ሀብት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ የዓለም ሀብታሙ ተጫዋች ሮናልዶ ሳይሆን ፋይቅ ቦልኪያ ነው የሚል አንብቤ ከጓደኞቼ ጋር ተከራከርን። ማን ልክ ነው? (ከከዚራ)

መልስ፦ ፋይቅ የብሩናይ ሱልጣን የወንድም ልጅ ነው። በስሙ የሚጠራው ቢሊዮን የዘመዶቹ ሀብት እንጂ በኳስ ያገኘው አይደለም። ሮናልዶ ግን ከማዴይራ ደሴት ከድሃ ቤት ተነስቶ በእግሩ ያፈራው ነው፤ የአሜሪካው የገንዘብ ዜና ድርጅት ብሉምበርግ በ2025 እ.ኤ.አ. ሀብቱን 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ለእኔ ክርክሩን ያሸነፈው ሮናልዶ ያለው ነው። ግምቱም ቢሆን ከደመወዝና ከማስታወቂያ ውሎች ተነስቶ የተሰላ እንጂ የባንክ ደብተሩ ታይቶ የተጻፈ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ውስጥ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። አንዱ ልጃችን አድጎ ለውጭ ክለብ ቢሸጥ ገንዘቡ የማን ነው? ለእኛስ ይደርሰናል?

መልስ፦ የዝውውሩ ገንዘብ የሚከፈለው ለሻጩ ክለብ ነው፤ ተጫዋቹ የሚያገኘው በአዲሱ ውል የተስማማበትን ደመወዝና ጉርሻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያምታታዋል፤ የተጫዋቾች ሀብት ተጋንኖ የሚወራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለእናንተ ግን ሊደርሳችሁ ይችላል፤ ይህን በደስታ እነግርዎታለሁ። በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ፣ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ዋጋው 10 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን፣ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ለያዘው ክለብ በየዓመቱ 25 ሺህ፣ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ 50 ሺህ ዶላር ይታሰባል። በደቻቱ አሸዋ ላይ ልጆች ለሚያሯሩጥ ቡድን ይህ ምን ያህል ኳስና ጫማ እንደሚሆን እርስዎ ያውቁታል።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ቡድናችሁ በፌዴሬሽኑ ሥር ያለ መሆን አለበት፤ ልጁም በስሙ፣ በትክክለኛ የልደት ቀኑና በፎቶግራፉ ተመዝግቦ፣ የገባበትና የለቀቀበት ቀን መጻፍ አለበት። ዛሬ ያልተመዘገበ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ የእናንተ ነበር ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ዕድሜ መቀነስማ ፈጽሞ አይሞከር፤ ልጁንም ቡድኑንም ያጠፋል።

ጥያቄ፦ የእኛ ሊግ ተጫዋቾች ሀብትስ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ መጠኑን ከዚህ ይገምቱ። የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ተጫዋቾች 41 በመቶው ደመወዛቸው ዘግይቶባቸው ያውቃል። ሚሊየነሮቹ ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አንድ ሰው «አውሮፓ ክለብ አስገባዋለሁ፣ ለጉዳዩ ማስፈጸሚያ ክፈሉ» ብሎናል። መሬት ሸጠን እንስጠው? (እናት፣ ከሐረር ሸዋ በር)

መልስ፦ እናቴ፣ አይስጡ! መሬትዎንም አይሽጡ። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ሌላ አገር ክለብ እንዲዛወር አይፈቅድም፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ሄደው ሲኖሩ። የእናንተ ጉዳይ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ሰውዬው የፊፋ ወኪልነት ፈቃዱን እንዲያሳያችሁና የክለቡን ስም በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፤ ካመነታ አታስገቡት። ገንዘብ ከሰጣችሁት ደግሞ ደረሰኙን ይዛችሁ ዛሬውኑ ለፖሊስ አመልክቱ። ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ሐረር ውስጥ በተመዘገበ የታዳጊዎች ቡድን ይጫወት።