ለኢላማ ጨዋታ የትኛው የአየር ጠመንጃ ይሻላል?

ከሐዋሳ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ በበዓል ሰሞን ሐይቁ ዳር የኢላማ ጨዋታ ልጀምር አስቤያለሁ። ሁለት ያገለገሉ የአየር ጠመንጃዎች አግኝቻለሁ። አንዱ የጥይቱ ውፍረት 5.5 ሚሊሜትር ነው። ኃይለኛ ነው፣ አዲስም ይመስላል። ሌላው 4.5 የሆነ፣ ሰደፉ የተቧጨረ፣ ዲያና የሚባል የድሮ ጠመንጃ ነው። ዋጋው ግን ግማሽ ነው። የቱን ልውሰድ?»

ወንድሜ፣ ያንተ ሥራ ጉልበት አይፈልግም። ደንበኛህ የሚተኩሰው ከአራት ከአምስት ሜትር ነው። በኦሎምፒክ የ10 ሜትር ውድድር እንኳ የሚተኮሰው በ4.5 ነው። ኃይለኛው ጠመንጃ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ለማቀባበል ይከብዳል፣ ሲተኮስም ይዘላል። ጥይቱ ነጥሮ ቢመለስ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። ልጆች በሚሰበሰቡበት ቦታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ 4.5ቱን እመርጥልሃለሁ፤ ከፈተሽከው በኋላ ግን።

መጀመሪያ መታጠፊያውን እይ። እንደዚህ ያለው ጠመንጃ አፈሙዙ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቃል። ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ጥይቱን ይገፋል። አየር ካመለጠ ምንም የለም። አፈሙዙን ዘግተህ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ የመታጠፊያው ብሎን ላልቶ ሊሆን ስለሚችል በካቻቢቴ አጥብቀው። ጠብቆም ከተወዛወዘ ተወው።

ቀጥሎ አፈሙዙ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ያለውን ጎሚኒ ፈትሽ። በአንዳንዶቹ ቆዳ ነው። ስስ ሶፍት ቀደህ መጋጠሚያው ላይ ጣል አድርግና ጥይት አጉርሰህ ተኩስ። ሶፍቱ ከተነሳ አየር ይወጣል ማለት ነው። ይሄ ብዙ አያስጨንቅህ፣ ጎሚኒ በትንሽ ብር ይቀየራል። ግን ዋጋ ለመከራከር ይጠቅምሃል።

የቃታውን ነገር ግን በቀላሉ አትለፈው። ጠመንጃውን አቀባብለህ፣ ጥይት አጉርሰህ፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋ ጆንያ አዙር። ከዚያ ቃታውን ሳትነካ ሰደፉን በመዳፍህ መታ መታ አድርገው። ራሱ ከተኮሰ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰደው። የቃታው መያዣ ጥርስ አልቋል።

አሁን ዋናው ፈተና ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ክርንህን አስደግፍና ከ10 ሜትር አንድ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ተኩስ። ጠመንጃውን መዳፍህ ላይ ለቀቅ አድርገህ አስቀምጠው፤ አንቀህ ከያዝከው ወይም እንጨት ላይ ካስደገፍከው የሞላው ንዝረት ኢላማህን ያስትሃል። መሃሉን መምታትህን አትይ። ቀዳዳዎቹ መቀራረባቸውን እይ። አምስቱም አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው ካረፉ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል ወደ መሃል ይመጣሉ። ወረቀቱ ላይ ከተበታተኑ ግን ወይ አፈሙዙ ተበልቷል ወይ መታጠፊያው አልያዘም። ይህን ፈተና ለሁለቱም አድርግ። ያ የተቧጨረ ሰደፍ እዚህ ላይ ምንም ዋጋ የለውም።

ሻጩ «ዘይት አጠጥቼዋለሁ» ካለህ ተጠንቀቅ። የሞተር ዘይት ፒስተኑ ፊት ከገባ አየሩ ሲጨመቅ በሙቀቱ ይቀጣጠላል። ጭስ ታያለህ፣ ድምፁም እንደ ርችት ይሆናል። ጎሚኒውንም ሞላውንም ይጎዳል። ሲጨስ ካየህ ግዢውን አትቸኩልበት።

ከገዛህ በኋላ ማንም ያለ ጥይት እንዳይተኩስ። ፒስተኑን የሚያለዝብለት አየር በጥይቱ ካልታገደ፣ ፒስተኑ ከፊቱ ካለው የጠመንጃው የውስጥ ግድግዳ ጋር በኃይል ይላተማል። አቀባብለህም አታሳድር፣ ሞላው ይደክማል። ጥይቱ ለስላሳ እርሳስ ይሁን። የብረት ኳስ አፈሙዙን ይፈጫል፣ ነጥሮም ይመለሳል።

በዋጋ ያተረፍከውን ገንዘብ ከኢላማው ጀርባ ላይ አውለው። ቆርቆሮም ድንጋይም አታቁም። ወፍራም ጣውላ አቁመህ፣ ፊቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ልቅ አድርገህ ስቀል፣ ኋላው አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድር። በግራና በቀኝ ገመድ ወጥር፣ ሰው በመሃል እንዳያልፍ። ለተኳሹም ለአንተም መነጽር ይኑር።

ብር ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያና ክፍለ ከተማ ሄደህ ስለ ጠመንጃውም ስለ ቦታውም ፈቃድ ጠይቅ። አገራችን ከ2012 ጀምሮ ራሱን የቻለ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አላት። ያንተን የሚመለከተውን ከእነሱ አፍ ስማ።

ጥይት የምታጎርሰው አንተ ብቻ ሁን። አፈሙዙ ታጥፎ እያለ በአንድ እጅህ አጥብቀህ ያዘው። ቃታው ቢነካ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ይዘጋል፣ ጣትም ይሰብራል።